የማናለብሽ ጉም

ጭብጨባው ገና ሳያባራ ነው የግራዝማች አድማሴ ጋሻ መጥፋቱ የታወቀው።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰኔ ፳፯ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ነበር። ዳንግላ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የዓመቱን መዝጊያ በቲያትር ያከብራል፤ ከደብረ ማርቆስ ድረስ አንድ የትምህርት ሹም ተጋብዘው መጥተዋል። እኔ፣ የያኔው የፖሊስ አሥር አለቃ አበረ፣ ግቢው በር ላይ ቆሜ የጋሪ ፈረሶችን ከሹሙ መኪና አርቃለሁ። ከከተማው ሰው ያን የመድረክ ጉም ሳያዩ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ እኔ ነኝ። የሰው ፈረስ ስጠብቅ የዘመኑ ነገር አመለጠኝ።

ቲያትሩን የደረሰው መምህር ወርቅአየሁ እየሮጠ መጣና ክንዴን ያዘ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«ጋሻው የለም» አለኝ።

የትኛው ጋሻ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ዳንግላ ውስጥ እንዲህ በአንድ ስም የሚጠራ ጋሻ አንድ ነው። ፊቱ በብር ጉብጉብ ጌጥ ተለብጧል፤ ግራዝማች አድማሴ ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ለሰው ማሳየት እንጂ ማስነካት አይወዱም። ለተማሪዎቹ ያዋሱት የአገራቸው ነገር መድረክ ላይ ሲወጣ ጋሻቸውም አብሮ እንዲወጣ ብለው ነው። በቲያትሩ ሁለተኛ ክፍል ጀግናው ይዞት ፎከረ። ክፍሉ ሲያበቃ መምህሩ በራሱ እጅ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ሰቀለው። የቲያትሩ ሦስተኛ ክፍል መድረኩ ላይ ጉም የሚለቀቅበት ነው፤ ጉሙ አልቆ ሲመለስ ጋሻው ከቦታው አልነበረም።

በዚያች ክፍል ውስጥ የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ጉሙን የሠራችው ማናለብሽ። እኔም ሁለቴ አላሰብኩም። ከጋኖቿ አጠገብ አገኘኋትና ይዣት ወደ ጣቢያ ሄድኩ። እርምጃዬ ፈጣን ነበር፤ ያን ጊዜ በፍጥነቴ እኮራ ነበር።

ማናለብሽ አረቄ አውጪ ናት። ትውልዷ በእንጅባራ በኩል ካለ የአገው ቀበሌ ነው፤ ዳንግላ ከገባች ሃያ ዓመት ሆኗታል። አማርኛዋ ቁጥብ ነው፣ ስትናደድ ወደ አገውኛ ትገባለች፤ አረቄዋ ግን በሁለቱም ቋንቋ ይመሰገናል። መንገድ ላይ ስታልፍ ቀና ብላ ነው። ስይዛት እንኳ እኔ ከኋላ፣ እሷ ከፊት ሆነን ሄድን፤ ያየን ሰው እስረኛው እኔ መስዬው ሊሆን ይችላል።

የምርመራው ኃላፊ መቶ አለቃ ዓለምነው የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው፤ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ሲያዳምጡ እርሳሳቸውን በሁለት ጣታቸው የሚያሽከረክሩ። ቅዳሜ ዕለት ጣቢያ ውለው ስለነበር እሳቸውም ጉሙን አላዩትም። ማናለብሽን አስቀምጠው ጠየቋት፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ።

«ከክፍሉ ወጥተሽ ነበር?»

«እሳት አንድጄ?» አለች። «አረቄ አውጪ እሳቷን ትታ አትወጣም።»

«ሌላ ሰው ገብቶ ነበር?»

«የገባ ሰው አላየሁም።»

«ታዲያ ጋሻው የት ሄደ?»

«እኔ የማየው እሳቴን ነው። ጋሻ ጠብቂ ያለኝ የለም።»

እርሳሱ መሽከርከሩን አቆመ። መልሷ ራሷን ማነቂያ ገመድ ነበር፤ ካልወጣች፣ ሌላ ሰውም ካልገባ፣ ሌባዋ እሷ ናት። እኔ በልቤ ጉዳዩን ዘጋሁት። መቶ አለቃው ግን ወንበራቸው ላይ ዘና አሉና የማይመለከተንን ነገር ጠየቁ።

«ጉሙ አምሮ ነበር አሉ። እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነበር?»

ያኔ ፊቷ ተለወጠ። ስትስቅ ያየኋት የዚያን ቀን ነው።

«ከቀርከሃው ቀዳዳ እንደ ወተት ወረደ። ወለሉ ላይ ተኛ። ልጆቹ ሲራመዱ እግራቸው ጠፋ፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ አልወጣም፣ አንዲት ጣት እንኳ አልወጣም። ከዚያ ከመድረኩ ጫፍ ሞልቶ ወደ ሰዉ ፈሰሰና የሹሙን ጫማ ሸፈነው። ሹሙ ውሃ መስሏቸው እግራቸውን አነሱ።»

«ቃል በቃል ጻፈው» አሉኝ መቶ አለቃው። ጻፍኩት። የጉም ወሬ ለፖሊስ መዝገብ ምን እንደሚረባ ግን አልገባኝም ነበር።

እሑድ ጠዋት መምህር ወርቅአየሁ ቃሉን ሰጠ። ቲያትሩ የዘንገናን ሐይቅ የሚመለከት ነው፤ መጨረሻው ላይ የጥንት አባቶች ጉም ለብሰው ከሐይቁ ይወጣሉ። አዲስ አበባ ይህ በመሣሪያ ይሠራል ሲባል ሰምቷል፤ እዚህ መሣሪያም መብራትም የለም። ተማሪዎቹ እርጥብ ጭድ ቢያጨሱ ጭሱ ጣሪያ ወጣና እነሱን በር አስወጣቸው። ማናለብሽ ለመምህሩ ጎረቤት ድግስ አረቄ አድርሳ ስትመለስ ተማሪዎቹ ደጅ ተኮልኩለው ሲያስሉ አየች። ነገሩን ጠይቃ ተረዳችና «ጭስ ሽቅብ የሚሄደው ትኩስ ስለሆነ ነው፤ አብርዱት፣ ይተኛላችኋል» አለቻቸው። ሳቁባት። እሷንም እልህ ያዛት።

«ሐሙስ ሞከርነው» አለ መምህሩ። «ያን ቀን በረዶው አልደረሰላትም ነበር፣ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሠራችው። አስለቀሰችን። ጋሻውን ያመጣልን የግራዝማች የወንድም ልጅ እንኳ አብሮን ሲያስል ነበር። ዓርብ በረዶው መጣ። ቅዳሜ የሆነውን ከተማው ይንገራችሁ።»

በረዶ ማለቱ ከሰማይ የወረደ በረዶ ነው። ሐሙስ ማታ ከእንጅባራ በላይ ክፉኛ ዘንቦ ስለነበር ዘመዶቿ አፍሰው፣ ጆንያ ውስጥ በጭድ ጠቅጥቀው፣ ውዱ በሚባል ሾፌር የጭነት መኪና ላኩላት። ይህን ስሰማ ነገሩ በራልኝ፤ ጆንያ መጣ፣ ጆንያ ሄደ፣ ጋሻውም በጆንያ ሄደ። መቶ አለቃው ፈቀዱልኝና ውዱን ተከትዬ ጫግኒ ድረስ ወረድኩ። መኪናውን እስከ ጎማው አራገፍኩት። ያገኘሁት የረጠበ ጭድ ነው። ውዱ ምን እንደምፈልግ ቢጠይቀኝ ጋሻ አልኩት፤ እሱም ለጭድ ጭነት ዋጋ ጋሻ ከሚከፍል ሰው ጋር ሠርቶ እንደማያውቅ በትሕትና ነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ የማናለብሽን ግቢ ፈተሽኩ። ከጓሮ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ አገኘሁ፤ አፈሩ ገና አልደረቀም። ጎንበስ አልኩ። አፈሩን፣ ከዚያ ጭዱን አንስቼ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩት፤ እንደ እሳት ፈጅቶኝ መልሼ ሳብኩት። ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው የተረፈ በረዶ ነው። ጎረቤቶቿ በአጥር በኩል ሲያዩኝ ነበርና ይህ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ጣቢያ ደረሰ። መቶ አለቃው አልሳቁም። በረዶው ስንት ጆንያ እንደሚሆን ብቻ ጠየቁ፤ አንድ ያህል ነው አልኳቸው። ክደነው አሉኝ።

ከዚያ ምስክር መስማት ያዝን። የሰው አፍ መቼም አይታመንም። አንዱ ደመና ከሰማይ ወረደ ይላል፤ ሌላው ሐይቁን በዓይኔ አየሁ ይላል፤ አንድ ነጋዴ ውሃው እንዳይነካበት ጋቢውን ሰብስቦ መቀመጡን ተናገረ። ስለ ጋሻው ሲጠየቁ ሁሉም ይደነግጣሉ፤ ረስተውት ነበር። ሰዉ ኮርቶ ነበር። የደብረ ማርቆሱ ሹም ተነሥተው ሲያጨበጭቡ ማየት ለዳንግላ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቶ እንየው መጣ። ጋሻውን ለተማሪዎቹ ያደረሰው የግራዝማች የታላቅ ወንድም ልጅ ነው፤ በጸሐፊነት የሚሠራ፣ ካፖርቱ ላይ ጉድፍ የማይታይበት፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ሰው። የመጣው ምርመራው ለምን እንደዘገየ ለመጠየቅ ነው። የቤተሰባችን ክብር ነው የጠፋው አለ፤ ሌባዋ ተይዛ ሳለ ምን ይጠበቃል አለ። መቶ አለቃው በትሕትና አስተናገዱትና እግረ መንገዳቸውን የት ሆኖ እንዳየ ጠየቁት።

«ወንበር ሞልቶ ነበር። ከኋላ በር አጠገብ፣ በስተግራ ካለው ምሰሶ ሥር ቆሜ ነው ያየሁት።»

«ጉሙ ደርሶብዎ ነበር?»

«ጉም አሉት እንዴ እሱን? ጭስ ለቀቁብን እንጂ። የጎኔን ሰው ፊት አላየሁም፣ ዓይኔ ሲያነባ ነው ያመሸው። በዚያ ጭስ ውስጥ እንኳን ጋሻ በሬ ቢወጣ ማን ያያል?»

ትክክል ነው ብዬ ጻፍኩ። ጭስ ጭስ ነው፤ እኔም ያላየሁትን ነገር እንዲሁ ነበር የማስበው። መቶ አለቃው አመስግነው በር ድረስ ሸኙት።

እንየው ከሄደ በኋላ መቶ አለቃው ይዘውኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረዱ። ከመድረኩ ጀርባ ያለችውን ክፍል ዞረው አዩ። መስኮት የላትም። አንድ በር አላት፣ እሱም ወደ ጓሮ ነው የሚከፍተው። ከመድረኩ ጋር የምትገናኘው የቀርከሃው ቧንቧ በሚያልፍባት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ዙሪያዋ በጭቃ ተመርጓል። መቶ አለቃው በርከክ ብለው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ከዚህ ሆኖ የሹሙ ጫማ ይታያል?» አሉኝ።

አይታይም አልኳቸው። የጠየቁኝን ነገር የተረዳሁት ግን እቤቴ ገብቼ እራት ስበላ ነው። እጄ መሶቡ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ወጥታ ነበር። ወጥታ ጉሟን ከፊት ለፊት አይታዋለች።

ለምን እንደዋሸች ለማወቅ የዳንግላ ሰው መሆን ይበቃል። አረቄ አውጪዎች ብዙ ነገር ይቅር ይባባላሉ፤ እሳቷን ትታ የወጣችን ግን ይቅር አይሉም። ከዓመታት በፊት አንዷ ደጅ ወጥታ ስታወራ ጋኑ ፈንድቶ ቤቱም ሰውም ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ እሳቷን ትታለች የተባለች ሴት ጋን የሚያዋሳት፣ አረቄዋን የሚቀምስላት የለም። ማናለብሽ ደግሞ በዚህ ነገር ሌሎችን የምትገሥጽ ነበረች። ሌባ ተብሎ መታሰር ለእሷ ከዚያ ይቀላል።

ሰኞ ጠዋት መቶ አለቃው አስጠሯት። ወጥተሽ ነበር ብለው አልጠየቋትም።

«የቅዳሜውን ጉም መልሰሽ ልትሠሪው ትችያለሽ?» አሏት።

ቀና አለች። «በረዶዬ አልቀለጠም?»

«አሥር አለቃ አበረ በእጁ አረጋግጧል።»

ትሠራለች፤ ግን ውል አላት። ክፍሏ ማንም አይገባም፤ የምታጨሰውንም ማንም አይጠይቃትም። ተስማሙላት። በር ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እንድቆም ታዘዝኩ፤ አንገቴን ግን ማንም አላሰረውም። ጋኗ ላይ ጋን ገጠመች፤ መጋጠሚያውን በሊጥ መረገችው። ከጋኑ አፍ የሦስት ሰው ቁመት የሚሆን የእንጅባራ ቀርከሃ አወጣች፤ ቀርከሃውን በረዥም የእንጨት ገንዳ ውስጥ አስተኛችው። ገንዳውን በበረዶ ሞላችው። ከዚያ አሞሌ ጨው ወቅጣ በተነችበት፤ ጨው በረዶን የባሰ እንደሚያበርድ ከማን እንደተማረች አላውቅም። ጭሱ ትኩስ ሆኖ ይገባል፣ ገንዳውን ሲያቋርጥ ሙቀቱን ይጥላል፣ መድረኩ ላይ ወደ ወለሉ በዞሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ነገሩ አረቄ ማውጣት ነው እንግዲህ፤ ልዩነቱ ጠብታውን ትታ እስትንፋሱን መፈለጓ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም የቅዳሜ ቦታውን ያዘ። ግራዝማች አድማሴ ከፊት፣ መምህሩ ከመድረኩ ጎን፣ እንየው ከኋላው ምሰሶ ሥር። ጋኑን ያዋሰቻት የአረቄ አውጪዎቹ ታላቅ፣ እማማ ደጊቱ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መሐል ተቀመጠች። መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፈኑ፤ ነፋስ ከገባ ጉሙ ይበተናል። አንድ ማሾ ብቻ መድረኩ ጥግ ላይ በራ። መቶ አለቃው ወደ በሩ መጡና «ግባ፣ አንተም እይ» አሉኝ።

በመጨረሻ አየሁት። መጀመሪያ ከግድግዳው ሥር ነጭ ነገር ብቅ አለ። ወደ ላይ ይወጣል ብዬ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ላክሁ፤ አልወጣም። ወለሉን ተከትሎ ተዘረጋ፣ የመድረኩን ጣውላ ዋጠ፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ትንሽ ቆመና ወደ እኛ ፈሰሰ። ድምፅ የለውም። መምህሩ መድረኩ ላይ ሲራመድ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በደንብ ይታያል፤ ጫማው ግን የለም። በበረዶ፣ በቀርከሃና በሸክላ ጋን ሐይቅ አምጥታ ትምህርት ቤት ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ እንጅባራ የተወለድኩ ሰው ነኝ፤ የዘንገናን ጉም በማለዳ አውቀዋለሁ። ራሱ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ከጭስ ግን አልነበረም።

መቶ አለቃው ጉሙን እያቋረጡ ወደ ምሰሶው ሄዱ።

«አቶ እንየው፣ የጎንዎ ሰው ፊት ይታይዎታል?»

እንየው እግሩን እያየ ነበር። ጉሙ ካፖርቱ ጫፍ እንኳ አልደረሰም።

«የቅዳሜው ሌላ ነበር» አለ።

«የሐሙሱ ነው ሌላ» አለ መምህር ወርቅአየሁ ከመድረኩ። «ጋሻውን ባመጣህልን ቀን። የቅዳሜው ይህ ነው፣ ሰው ሁሉ አይቶታል።»

«በረዶው፣ እሳቱ፣ ማን ያውቃል? ዛሬ አስተካክላችሁ ሠራችሁት» አለ እንየው፤ ድምፁን አሁንም አላነሣም። «ቅዳሜ እዚህ ምሰሶ ሥር ነበርኩ። አልነበርክም የሚለኝ ማን ነው?»

ቅዳሜ አዳራሹ እንዲህ ጨልሞ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ነበር የሚያየው፤ ከኋላ ማን እንደቆመ የሚምል አልተገኘም። መቶ አለቃው ወደ ኋላው በር እያዩ ይጠብቁ ነበር። ማንን እንደሚጠብቁ አውቅ ነበር።

ማናለብሽ በጓሮ ዞራ በኋላው በር ገባች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ እጇ በጨው ነጥቷል። እማማ ደጊቱን አየቻት፣ ከዚያ እንየውን።

«እኔ ነኝ» አለች። «እዚህ ምሰሶ ሥር የቆምኩት እኔ ነኝ። ጉሜን ለማየት እሳቴን ትቼ ወጥቼ ነበር። ሹሙ እግራቸውን እስኪያነሡ ድረስ ቆሜያለሁ። አንተ አልነበርክም።»

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ደጊቱ አልተንቀሳቀሰችም።

እንየው ክርክሩን ተወው። ወደ መቶ አለቃው ሳይሆን ወደ አጎቱ ዞረ።

«አያቴ ጋሻውን የሰጠው ለአባቴ ነበር። አባቴ ሲሞት ሕፃን ነው ብለው ወሰዱብኝ። ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አላስነኩኝም፤ ለተማሪ ጨዋታ ግን ሰጡት፣ ያውም በእኔው እጅ አስይዘው። ሰዉ በጭሱ ሲሸሽ እገባለሁ ብዬ ጓሮ ቆሜ ነበር። የሸሸ ሰው የለም። በሩ ግን ክፍት ነበር፤ ውስጥም ሰው አልነበረም። አልሸጥኩትም፣ አልደበቅሁትም። አዘና መንገድ ላይ ካለው ከአባቴ ቤት፣ ድሮ ከነበረበት ግድግዳ ላይ ነው ያለው።»

ግራዝማች አድማሴ አንገታቸውን ደፉ። የእንየው ክስ እውነት እንዳለበት ከፊታቸው አነበብኩ፤ ያን የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ይዳኙት።

«ጋሻው የአባትዎ ሊሆን ይችላል» አሉት መቶ አለቃው። «ይህች ሴት ሁለት ቀን በእርስዎ ፋንታ ስትታሰር ግን ዝም ብለዋል። ሌባዋ ተይዛለች ብለው ሊያስቸኩሉኝም መጥተዋል።»

እንየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ። ጋሻውን በዚያው ምሽት ካለበት አመጣነው።

ማናለብሽ ቃሏን ልትሰጥ ጣቢያ መጣች። መቶ አለቃው ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ይቀመጡ፣ እትዬ ማናለብሽ» አሏት፤ ከዚያ በፊት አንቺ ነበር የሚሏት። ጋሻው ስለተገኘና ሰውየውም ስላመነ ቃሏን አጠር አድርገን መጻፍ እንችላለን አሏት፤ የሚያሳፍራት ነገር ካለ ይቅር ማለታቸው ነበር። ገባት።

«ሙሉውን ጻፈው» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «ማናለብሽ ጉሟን ልታይ እሳቷን ትታ ወጣች በል። ሁለት ቀን የዋሸሁት እሱን አፍሬበት ነው በል። አሁን አላፍርም።»

ጻፍኩት፤ አነበብኩላት፤ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

ከጣቢያው በር ላይ አረቄ አውጪዎቹ ተሰብስበው ነበር፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። እማማ ደጊቱ ከፊት ቆማለች። ይዝለፏት ይሆናል ብዬ ተከትያት ወጣሁ። ማናለብሽ ከፊታቸው ስትደርስ ቆመች። ቀና ብላ ነው የቆመችው። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እነሱም አልጠየቋት። እማማ ደጊቱ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እኔኮ ዛሬ ከመሐል ሆኜ፣ በዚህ በደከመ ዓይኔ በደንብ አላየሁትም» አለች። «ከበሩ ሆነሽ ስታይው፣ እንዴት ነበር?»

ማናለብሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ከአጥሩ ሥር ተቀመጠች፤ እነሱም ዙሪያዋን ተቀመጡ፤ እሷም በአገውኛ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።